ለናሆም ቱርቦ እምቢ ያልኩበት ሳምንት

ሰኞ

አልነገርኩትም። አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ።

ናሆም የድሮ ሞተር ሳይክሉን ቱርቦ፣ ያንን የጉልበት መጨመሪያ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ካርቶን ውስጥ ከቶ፣ ከእማዬ ጋር የሚኖርበት ቤት ሳሎን መሃል አስቀምጦ ጠበቀኝ። ከሥራ ወጥቼ ስደርስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ያንቺ ነው» አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ነው። ሞተር ሳይክል መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። ባለፈው ሰመር ከወደቀ ወዲህ ቀኝ ጉልበቱ በደንብ አይታጠፍም፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ሞተር የሚባል ነገር እንዳያስብ ነግሮታል። የእሱ ሞተር ተጨራምቶ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። የተረፈው ቱርቦው ብቻ ነው።

የእኔ ሞተር ሰነፍ ነው። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጥቼ ቤልትዌይ የሚባለው ፈጣን መንገድ ስገባ የጭነት መኪኖቹ ከኋላዬ ጡሩምባ ይነፉብኛል፤ እኔ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጥቼ እጸልያለሁ። ስለዚህ ጉልበት ላስጨምርለት ወሰንኩ። ሎረል ያለው መካኒክ ሚኪ ለዓርብ ቦታ ይዞልኛል። ያልወሰንኩት በምን እንደሚጨመርለት ነው። ወይ ቱርቦ ገጥሞ አየሩን በግድ ማስዋጥ፣ ወይ ደግሞ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍትና የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ቀይሮ ኢንጂኑ በራሱ የተሻለ እንዲተነፍስ ማድረግ። በቱርቦ ጉልበቱ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በሌላው የሚጨምረው ጥቂት ነው፣ ግን ሲጠሩት ወዲያው ይመጣል።

ልቤ ያለው ጥቂቱ ላይ ነው። ችግሩ ናሆም ይህን እንደ ክስ ነው የሚሰማው። የወደቀ ጊዜ ለሁላችንም «መታጠፊያው ላይ አሸዋ ነበር» አለን። እማዬ ይህንኑ ይዛ ቸርች ላይ መሰከረች፤ ልጄን አሸዋ አንሸራቶት ጌታ አተረፈልኝ ስትል ጉባኤው እልል አለ። አጎቶቻችን ግን «ምን አሸዋ አለ፣ የማይችለውን ቱርቦ ገጥሞ ነው» ብለው አምተውታል፤ ሐሜቱም ደርሶታል። እኔ ያንን ቱርቦ ገጥሜ በሰላም ከነዳሁ አሸዋው እውነት ሆኖ ይቀራል። እምቢ ካልኩ ደግሞ ከአጎቶቼ ጋር ቆምኩ ማለት ነው።

እማዬ ካርቶኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ «ይሄ ቀንድ አውጣ ከቤቴ ይውጣልኝ» አለች። እውነትም ቀንድ አውጣ ይመስላል። ቀጥላ ወደ እኔ እያየች «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፣ አንተ ለዚህች ግልፍተኛ ቱርቦ ትሰጣለህ!» ስትለው ናሆም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ የውሸት።

ማክሰኞ

ክሊኒክ የሰው ጥርስ እያጸዳሁ ስለ ፒስቶን ሳስብ ዋልኩ። አንዲት ሴትዮ አሳመምሽኝ አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት።

ናሆም ደጋግሞ ኮል አደረገልኝ። «ለሚኪ ነገርሽው? ካርቶኑን መቼ ትወስጂዋለሽ?» እሺ አልኩት። እሺ! ምን ማለቴ ነው? ይሉኝታ አንድ ቀን ይገድለኛል።

የምፈራው፦ ኢንጂኔ ቱርቦ እንዲቀበል ፒስቶኑ መቀየር አለበት፤ ሆዱ ሊከፈት ነው። ናሆም ሊያኮርፈኝ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲያኮርፍ አይቻልም።

ከሁሉ የባሰው ግን ይሄ ነው። የወደቀ ማግስት ሄልሜቱን ላመጣ ሄጄ መታጠፊያውን አይቼዋለሁ። አስፋልቱ እንደ ታጠበ ሰሃን ንጹሕ ነበር። ነፋስ ወስዶት ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ለሌላ ለማንም አልተነፈስኩም።

ረቡዕ

ዛሬ ዕረፍቴ ስለሆነ ሎረል ሄድኩ። ሚኪ የራሱ ቱርቦ ያለው ሞተር አለው። «እህቴ፣ ወሬውን ተይውና ትራይ አድርጊው፣ ከዛ ዲሳይድ ታደርጊያለሽ» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ከጋራዡ ጀርባ ባዶ ፓርኪንግ አለ፤ እዚያ ነዳሁት።

ቀጥታው ላይ እንዴት ደስ ይላል! አልዋሽም፣ ጮኼያለሁ። ከዚያ ጥጉ ላይ ታጠፍኩ። ነዳጅ ሰጠሁት፣ ምንም። ጨመርኩለት፣ አሁንም ምንም። እንደገና ስጨምር ቅድም የሰጠሁትም አሁን የሰጠሁትም አንድ ላይ መጣ። የኋላ ጎማው ከሥሬ ሸሸ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እግሬን ተክዬ ቆምኩ። ሞተሩ ጠፋ። ሄልሜቱ ውስጥ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል።

እዚያው እንደቆምኩ ናሆም እንዴት እንደወደቀ ገባኝ። አሳዘነኝ፤ ያን ሁሉ ጊዜ እውነቱን ብቻውን ተሸክሞት።

ሚኪ ሮጦ መጣ። «አየሽ፣ ቱርቦ መጥፎ ነገር አይደለም። በደንብ ቱን ከተደረገ፣ ከተስተካከለ፣ ይሄ ነገር ይቀንሳል። ግን ቱርቦን የሚያውቅ ሰው ነው የሚነዳው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። አልሳቅኩም። ካምሻፍቱን እዘዝልኝ አልኩት።

ከዚያ፣ ፈሪ ነኝና፣ ለናሆም መደወል አቅቶኝ ድምፄን ቀድቼ ላክሁለት። «ናሆምዬ፣ ኢንጂኔ አይችለውም ተባለ፣ ይቅርብኝ።» አዳምጦታል።

ሐሙስ

በምሳ ሰዓት ደወለ።

«ሚኪን ጠየቅኩት። ፒስቶኑ ከተቀየረ ኢንጂንሽ ይችላል አለኝ።»

ተያዝኩ።

«ለምንድነው የምትዋሺኝ? ቱርቦውን ነው የፈራሽው ወይስ እኔን ነው ያላመንሽው?»

የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ እየበሉ ነው። ወደ ደረጃው ወጥቼ ነገርኩት። ሞክሬዋለሁ፣ መታጠፊያ ላይ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሊጥለኝ ነበር፣ አልፈልገውም። አሸዋ የሚለውን ቃል አልጠራሁም፤ እሱም አልጠራውም። «በቃ፣ ገባኝ» አለና ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ የነበሩኝን ታካሚዎች ለሌላ ሰው ሰጠሁ።

ቤት ስገባ እማዬ ደወለች። «ምን ብለሽው ነው? ክፍሉን ዘግቶ ተቀምጧል፣ እህል አልቀመሰም።»

«ቱርቦውን አልፈልግም አልኩት።»

«እንዴት ያለ ደግ ነገር አድርገሻል! ለዚህ ነው የሚያኮርፈው?»

ምን ልበላት? ላስረዳት ብል የእሷን ምስክርነት ልነካ ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታው አልነቀዘም፤ እየነቀዝኩ ያለሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ

ሞተሬን ሎረል አድርሼ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ሚኪ ኢንጂኑን ሲከፍተው ማየት አልፈለግኩም።

ትክክል ነኝ ወይ እያልኩ ነው የዋልኩት። ስለ ሞተሩ ትክክል ነኝ። ስለ ናሆም አላውቅም። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። እኔ ኮሌጅ የገባሁት እሱ ያቋረጠ ዓመት ነው። የሰጠኝን ነገር አልፈልግም ብዬው አላውቅም፣ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ማታ ቴክስት አደረገልኝ። «ቱርቦውን ለሽያጭ ፖስት አድርጌዋለሁ። ነገ ሰው ሊያየው ይመጣል። ካርቶኑን ተሸክሜ ደረጃ መውረድ አልችልም፣ ነይ።»

ሰላምታ የለውም። ግን ነይ ብሎኛል። ደጋግሜ አነበብኩት።

ቅዳሜ

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

አሌክሳንድሪያ እማዬ ቤት ስደርስ ናሆም ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቴን ሳያይ «እንዴት አደርሽ» አለኝ። ካርቶኑን አወረድኩለት። ገዢው ከፌርፋክስ የመጣ ፂማም አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ሞተሩን የሚነዳው ለእሽቅድምድም ብቻ ነው፣ ያውም ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ። ቱርቦውን አገላብጦ አየውና ጠባዩ እንዴት ነው፣ ችግር አድርሶብህ ያውቃል ብሎ ጠየቀ።

አሁን አሸዋው ሊመጣ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ናሆም ጉልበቱን አሻሸ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያለ ነገረው። ለቀጥታ መንገድ ከዚህ የተሻለ አታገኝም አለው። መታጠፊያ ላይ ግን ቸኩዬ አብዝቼ ሰጠሁት፣ ዘግይቶ መጣና ጣለኝ። መንገዱ ላይ ምንም አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው አለው።

ለማያውቀው ሰው! እኔ አጠገቡ ቆሜ! የካርቶኑን ማሸጊያ የማስተካክል መሰልኩ። ሰውየው እውነቱን ስለነገረው አመስግኖት ቱርቦውን ይዞ ሄደ።

እማዬ በመስኮት ስታየን ነበር። እንግሊዝኛዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ የልጇን ፊት ግን ታውቃለች። ስንገባ «ምንድነው ይሄን ያህል ወሬ?» አለች። ናሆም ሊነግራት መሆኑ ስለገባኝ ልሄድ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«አንቺም ቁጭ በይ» አለኝ።

ቁጭ አልኩ። ነገራት። «እማዬ፣ አሸዋ አልነበረም» ብሎ ጀመረ፣ የቀረውን ምንጣፉን እያየ ጨረሰው።

እማዬ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። «አሸዋ ባይኖርም ያተረፈህ ጌታ ያው ነው» አለች። እፎይ አልኩ። ግን ቸኩዬ ኖሯል። «እኔ ግን ጉባኤ ፊት አሸዋ ብያለሁ። ጉባኤ ፊት የተባለ ጉባኤ ፊት ይታረማል። ነገ ፓስተሩን ትንሽ ጊዜ እጠይቀዋለሁ።»

«እማዬ! አጎቶቻችን ፊት?» አልኳት።

«ይስሙዋ! ልጄ እውነት ተናገረ ብዬ አላፍርም። እሱም አብሮኝ ይቆማል።»

ናሆም እምቢ እንዲላት ጠበቅኩ። ግንባሩ በላብ ረጥቧል። በመዳፉ ጠረገው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«የቱን ሸሚዝ ልልበስ?»

ነጩን አልኩት። ተኩሼ ሰቅዬለታለሁ። ዛሬ እዚሁ አድራለሁ። ነገ እንዴት እንደሚያልፍ እንጃ።