ጨው ማላሻው ላይ የቆመው ገብስ

ኅዳር 6። የእናትህ ጥቁር ገብስ ጨው የበላው መሬት ላይ አፈራ።

ደምሴ ሆዴ፣

ከተለየኸን ይህ ሦስተኛው መኸር ነው። ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ ቆርቆሮውን አስቀየርኩ። ልጅህ መንበረ አግብታለች። ባሏ ሸጋ ሰው ነው፤ ሲበላ ግን እንዳንተ ያወራል። እኔ አሁንም ማራኪ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ያው ላቦራቶሪ ነኝ። ሁሉንም በዝርዝር ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ገብሱ ግን አላስችል አለኝ።

ወንድምህ አያ ታደለ ዘንድሮ አምባ ጊዮርጊስ ያለውን ጨው ማላሻ አረሰው። ከአባትህ ዘመን ጀምሮ ከብቶቹ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ጨው የሚልሱበትን ቦታ። የከብት መዋያ ስለሆነ ፍግ የጠገበ መሬት መስሎት ነው። ጨውም መጥገቡን ማን ያስታውሰው! አዲሱን ነጭ ዘር ዘራበት፤ ዘሩ አነሰው፤ ጎታው ሥር የቀረችውን የእናትህን ጥቁር ገብስ አሟጦ ጨመረ። የነጩ ቡቃያ ገና ሳይጠና ጫፉ ተቃጠለ። ጥቁሩ ወገቤን አልፏል።

መስከረም ላይ ላየው ሄጄ የሁለቱንም ለጋ ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በሚኒባስ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ለምን በሽታ እንደሚሆን ጠየቁኝ። ለጨው አልኳቸው። አማተቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨው የበዛበት ተክል ውሃ መጠማቱ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ይቃጠላል። ማረሻው እግርህን የቆረጠህ ጊዜ ቁስሉን ያጠብኩበት፣ አረፋ ሲደፍቅ የጮህክበት መድኃኒት ትዝ ይልሃል? ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይባላል። እሱው ራሱ ቅጠሉ ውስጥ እየበዛ ይጎዳዋል። ብርቱ ተክል ታዲያ ማርከሻውን ያዘጋጃል፤ አንቲኦክሲዳንት እንለዋለን። መርዙን ውሃና ኦክስጅን አድርጎ ይበትነዋል። አረፋው የዚያ ምልክት ነው።

የነጩን ቅጠል ወቅጬ መድኃኒቱን ጠብ አደረግኩበት። ጥቂት አረፋ። የጥቁሩን ወቀጥኩ። አረፋው ከመሞከሪያ ቱቦው አፍ ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጮህኩ፣ ደምሴ፣ በዚህ ዕድሜዬ! አለቃዬ ሮጠው መጡ። አንድ አረፋ ማስረጃ አይሆንም፤ ዘሩን አምጪና ጨው ውሃ እያጠጣን ደጋግመን እንየው አሉ። ልክ ናቸው። እናንተ ማራኪዎች ሣር በጣሳ ታበቅላላችሁ፣ እህሉን ከእኛ ትሸምታላችሁ እያልክ ትስቅብኝ ነበር። እንግዲህ ሳቅ፤ ጣሳው ውስጥ የሚገባው የእናትህ ገብስ ነው።

ዘሩ ግን ሌላ የትም የለም። ጎታው ባዶ ነው። የቀረው እዚያች ቁራጭ መሬት ላይ የቆመው ብቻ ነው። ቅዳሜ ልናጭደው ተቀጣጥረን ነበር።

ይህን የምጽፍልህ ለአጨዳው አምባ ጊዮርጊስ መጥቼ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ ነው። አያ ታደለ አሁን ደወለ። ጎረቤቶች አጨዳ ጨርሰው ከብቱን ማሳው ላይ ለቀውታል። ላሞቹ የድሮ ጨዋቸውን መች ረሱ፤ ቀጥ ብለው ወደ ማላሻው እየወረዱ ነው። እኔ በአንድ ዱላ ስንቱን ልመልስ፣ አንቺ የጣሳ ገበሬ፣ ማጭድ ይዘሽ ድረሽ እንጂ አለኝ።

ሐውልት አላሠራሁልህም፤ ድንጋይ እንደማትወድ አውቃለሁ። ይህ ገብስ በየዓመቱ ሲዘራ ስምህን እየጠራሁ እዘራዋለሁ፤ ቃሌ ነው። መጀመሪያ ግን ከላሞቹ አፍ ይትረፍ።

ባለወፍጮው ተራሽ ደርሷል እያለ ይጣራል። ጤፉ እዚያው ይቆይ። ወጣሁ።