በር ላይ የቀረው የሚጣ ጡጦ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ ያልተቆራረጠ፣ የዋጡትም ሁሉ በአፍንጫዎ ሳይመለስ በሰላም ሆድዎ የሚደርስ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞት ቢያስገርምዎ አይፍረዱብኝ፤ እኛ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ምኞት የለም።

እኔ ዘንድሮ በሥራ አመራር ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ ድረስ በታላቅ እህቴ ቤት ሶፋ ላይ የምኖር ወጣት ነኝ። እህቴ በቅርቡ የወለደቻት ልጅ፣ እኛ ሚጣ የምንላት፣ ከንፈሯና ላንቃዋ ተሰንጥቆ ስለተወለደች ጡት ስባ መጥባት አትችልም። ሐኪማችሁ ክብደቷ ሲሞላ ከንፈሯን እንደሚሰፉላት ነግረውን ወረፋ ይዘውላታል፤ ቀኑ ደርሶ ክብደቷ ካልሞላ ግን ወረፋው ለሌላ ያልፋል። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ እናትና ልጅን የማጀብ ክብር ለእኔ ደርሶ፣ የተቋምዎን አሠራር በቅርብ ለማየት ታድያለሁ። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለ ጡጦው። የላይኛው ፎቅ ሐኪም፣ ሲጨምቁት ወተቱን ቀስ አድርጎ የሚያንጠባጥብ ለስላሳ ጡጦ በገዛ እጃቸው ሰጥተውን፣ «በዚህ ብቻ መግቢያት፤ ከእጅሽ እንዳይለይ» ብለው ነበር። በሳምንቱ ስንመለስ የበሩ ጥበቃ ያንኑ ጡጦ ከእህቴ እጅ ተቀበሉ፤ «የእናት ጡትን የሚተካ የለም፤ ጡጦ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ትእዛዝዎ በሩ ላይ ተለጥፏልና። ጡጦው ውስጥ የነበረው እህቴ ስታልብ ያደረችው የገዛ ጡቷ ወተት ነው። የእናት ወተት በእናት ጡት ስም ሲታገድ ያየሁት በእርስዎ ግቢ ነው። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ በር ላይ ቆሞ ሲቀበል ደግሞ፣ አስተማሪዎቻችን ቅንጅታዊ አሠራር የሚሉት ምን እንደሆነ ገባኝ።

2ኛ. ስለ ጥበቃው። ጨዋ ሰው ናቸው። «ጡትሽ እያለ ምን ቸገረሽ፣ የኔ እናት?» አሏት። እህቴ ደጅ በወጣች ቁጥር ሚጣን በሻርፕ ሸፍና ነው የምትይዛት፤ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «እርጉዝ ሆነሽ ምን አይተሽ ነው?» ካሏት ወዲህ ሻርፑ ሁለት ሆኗል። ያን ቀን ግን፣ እዚያ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት፣ ሁለቱንም ሻርፖች ገለጠቻቸው። ጥበቃው አንገታቸውን ደፍተው፣ «እግዜር ይማራት፤ ግን ትእዛዝ ነው» አሉና ጡጦውን ስንወጣ እንድንወስደው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። እንዲህ የሚከበር ትእዛዝ ማውጣት ለማንም አይሰጥም።

3ኛ. ስለ ሚዛኑ። ተራችን እስኪደርስ እህቴ ከካፌው በተዋሰችው የስኳር ማንኪያ፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆማ፣ ጡቷን እንደገና እያለበች ሚጣን ወተት ስታጠጣ ዋለች፤ ግማሹ በአፍንጫ ተመለሰ፣ ግማሹ በአንገት ወረደ። ከዚያ የሚዛን ክፍሏ ነርስ፣ «እናትየው፣ ምነው ልጅቷን አስራብሻት?» አለቻት። ጥያቄው ተገቢ ነው። አድራሻው ብቻ ስለተሳሳተ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

4ኛ. ስለ ጭንቀት። በዚያው ዕለት ለእናቶች ጭንቀትን የሚቀንስ ትምህርት ስላዘጋጁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አስተማሪው እናቶች ጠግበው እንዲተኙ፣ ጭንቀት ወተት ስለሚያደርቅም ፈጽሞ እንዳይጨነቁ መከሩ። እህቴ ይህን የሰማችው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወተቴ በጭንቀት ይደርቅ ይሆን እያለች ስትጨነቅ ታድራለች።

አሁን «ሁለተኛ በዚያ በር አልገባም» ብላለች። ብለምናት፣ «አንተ ሂዳ፣ ምሩቁ፤ ጡት ካለህ!» ብላ ቀለደች። ስትቀልድ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። እሷ ካልመጣች ሚጣ አትመዘንም፤ ካልተመዘነች ወረፋው ያልፋታል።

ክቡር ሆይ፣ በጀት አልጠየቅሁም፤ ኮሚቴ ይቋቋምልኝም አላልኩ። ከቢሮዎ እስከ በሩ ሲወርዱ ለጥበቃው አንዲት ቃል ጣል ያድርጉልን፦ ላንቃቸው ለተሰነጠቀ ሕፃናት ጡጦ ይግባ። የሚጣ ቀጣዩ የሚዛን ቀን በሆነው ማክሰኞ ጠዋት ያንኑ ጡጦ በግልጽ ይዤ በር ላይ እቆማለሁ፤ እስከዚያ እህቴን ደግሜ እለምናታለሁ። በእርስዎ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ተስፋ መቁረጥ እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ ልምድ ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ገና ልምድ የለኝም።

ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለመደርደሪያዎ ስፋት እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሰልፍዎ ታዛዥ፣ የጡጦው ባለአደራ፣
የሚጣ አጎት

ማስታወሻ፦ ዋናው በር ላይ ያሰቀሉትን ትልቅ ፎቶ ሳላደንቅ አላልፍም። «ከቀዶ ጥገናው በፊት» በሚለው በኩል እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ብቻቸውን ቆመዋል፤ «ከቀዶ ጥገናው በኋላ» በሚለው በኩል እርስዎ መካከላቸው ገብተው ፈገግ ብለዋል። የሚጣን የ«በፊት» ፎቶ ገና አላነሳንም። ማክሰኞ እዚያው በር ላይ እናነሳዋለን፤ ከእህቴ አጠገብ ለእርስዎ ቦታ ይዘናል።