የቆሮሶው ከንፈር

ኅዳር 14 ቀን፣ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ አባየ ቤት

አያቴ አባየ እህል ከቀመሱ ሦስት ቀን ሆናቸው። ዛሬ ጠዋት ግን "ቆሮሶ ዓሣ አምሮኛል፣ ከኩሬያችን" አሉኝ። ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። ታመምኩ ብለው ጾም እንደማይገድፉ ስለማውቅ መንጠቆዬን ይዤ ሮጥኩ።

የዚያ ኩሬ ዓሣ የሰው ጥላ ካየ ድርሽ አይልም። "ፀሐይን ፊት ለፊት አድርገህ ተቀመጥ፣ ጥላህ ከኋላህ ይውደቅ" ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንዳሉት ተቀመጥኩ። ትል ቀየርኩ፣ ቦታ ቀየርኩ። እስከ ቀትር አንድም አልነካልኝም። ሳይቀምሱ ቢሞቱብኝስ ብዬ መንጠቆዬን ጠቅልዬ ተነሣሁ።

ከዚያ ያደረግሁትን መጻፍ ያሳፍረኛል። ከዳር ካለው ዛፍ ሥር የብርብራ ፍሬ ለቅሜ፣ በድንጋይ ወቅጬ ውኃው ላይ በተንኩት። አባየ ዕድሜ ልካቸውን ሲያወግዙት የኖሩት የዓሣ መርዝ ነው። ትንሽ ቆይቶ ትልቁም የዓሣ ጫጩቱም ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ። አንድ ትልቅ መርጬ ሌላውን እዚያው ትቼ መጣሁ።

"ሳይጠበስ አሳየኝ" አሉ። ብርሃን ወዳለበት ጠጋ አደረግሁላቸው። በአውራ ጣታቸው ከንፈሩን ገልብጠው የመንጠቆ ቁስል ፈለጉ። አንዱን ጎን አዩ፣ ሌላውንም አዩ። ምንም የለም።

"የኩሬው ጫጩትስ እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ሞልቷል፣ አባየ።"

ዓሣውን ቀስ ብለው እጄ ላይ መለሱልኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"አንተ ብላው ልጄ" አሉ። "እኔ ጾሙን ከዛሬ ጀምሬዋለሁ።"