ያለበስኳት ጋቢ

ጥቅምት 4
ከሾላ ገበያ ሽንኩርትና ሎሚ ይዤ ተመለስኩ። የታክሲ ወረፋ አርባ ደቂቃ። ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር አራት አደረጉን። ተናድጄ ገባሁ።
የልጅ ልጄን ኪያን ጉንፋን ይዟታል። እናቷ ሃኒ ስመለስ ለእኔ ትታት ሥራ ሄደች። ልጅቷን ጋቢ አልብሼ አስተኛኋት፤ ላብ ሲወጣት ይለቃታል። ትኩሳቷን በየሰዓቱ ለካሁ። 8 ሰዓት 38.2። 9 ሰዓት 38.7። 10 ሰዓት 39.1። 11 ሰዓት 39.4። የትኩሳት ሽሮፑ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ለጉንፋን መድኃኒት ማብዛት አልወድም። ሁለተኛ ጋቢ ደረብኩላት።

ጥቅምት 6
ትኩሳቱ ለቀቃት። ግን አትቆምም።
"አባባ፣ እግሬ ተኝቷል" አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ፊት ለፊታችን ካለው ጋራዥ ሮጣ ሄዳ መካኒኮቹን ስትሰድብ ነበር እኮ!
ሃኒ ላይ ጮህኩ። "የታመመ ልጅ ጥሎ ሥራ ይኬዳል?"
"አባዬ፣ ካንተ ጋር እኮ ነው የተውኳት!"
በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ።

ጥቅምት 17
ኪያ የአንጎል ምስል ተነሳች። ሐኪሟ ዳርቱ ትባላለች። ኮሪደሩ ላይ "ቲቸር ሕሩይ!" ብላ ተጣራች። አሥራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምሬያታለሁ። ደስ አላለኝም። ምስሉን ካየች በኋላ ፊቷ ተለወጠ። ነጩ የአንጎል ክፍል እየሳሳ፣ ቦታውን ውሃ እየያዘው ነው አለች… የኪያ ደም ወደ ውጭ አገር ይላካል። ውጤቱ ከሁለት ወር በኋላ።
ሁለት ወር! ልጅ እግሯን አጥታ ሁለት ወር ጠብቁ?

ታኅሣሥ 21
ውጤቱ መጣ። ዳርቱ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። በደንብ ታስረዳለች። ለራሴ እንዲገባኝ በቅደም ተከተል ልጻፈው።
ሴል ፕሮቲን መሥራት ሲጀምር፣ የመጀመሪያዋን አሚኖ አሲድ ተሸክሞ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ወደ ሪቦዞም የሚያደርስ ፕሮቲን አለ። ካደረሰ በኋላ ይደክማል፤ የያዘው ጉልበት ሰጪ ጂቲፒ ጉልበቱን ጨርሶ ወደ ጂዲፒ ተለውጧል። ሌላ ፕሮቲን መጥቶ ያለቀውን ያስተፋውና አዲስ ጂቲፒ ያጎርሰዋል። እንደገና ሥራ ይጀምራል። የሚያጎርሰው ኢአይኤፍ-ቱ-ቢ ይባላል። አምስት ዓይነት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አሥር። የኪያ ከአምስቱ በአንዱ ላይ ስህተት አለ። አንዲት አሚኖ አሲድ ተቀይራለች። አንዲት! ከእናቷም ከአባቷም ወርሳዋለች። በሃኒ በኩል ያለው ከእኔ ይሁን ከሟች ባለቤቴ፣ ማን ያውቃል?
በደህና ቀን እየተንገዳገደም ቢሆን ይሠራል። ትኩሳት ሲመጣ ግን አይችልም። የሚጎዳው ነጩ የአንጎል ክፍል ነው። መድኃኒት የለውም። የሚቻለው ትኩሳትን ወዲያው ማውረድ፣ ጭንቅላቷን ከመመታት መጠበቅ።
"ተማሪ እያለሁ 'ፕሮቲን መሥራቱን ማን ነው የሚያስጀምረው?' ብዬ ጠይቄዎት ነበር፤ ያስታውሳሉ?" አለችኝ።
አስታውሳለሁ። "ፈተና ላይ አይመጣም፤ እንቀጥል" ነበር ያልኳት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያንን ገጽ ዘለልኩ።
ከዚያ "ያን ቀን ትኩሳቷ ስንት ደረሰ?" አለች። ይህን ደብተር አውጥቼ ቁጥሮቹን አነበብኩላት። ሃኒ አጠገቤ ነበረች። ሽሮፑንና ሁለተኛውን ጋቢ ዘለልኳቸው።
አሁንም መዝለል!

ታኅሣሥ 23
አሥር የክብሪት ቀፎ በሙጫ አጣብቄ ፕሮቲኑን ሠራሁት። ሦስት ጊዜ ተበላሽቶብኝ ሦስት ጊዜ ወረወርኩት።
"አባባ፣ ምንድን ነው?"
"አንቺ ውስጥ ያለ ነገር።"
"ክብሪት ውስጤ አለ? ልቃጠል ነው?"
ሃኒ ሳቀች። እኔ አልቻልኩም።

ጥር 14
ኪያ ግድግዳ ይዛ ስድስት እርምጃ ሄደች።

የካቲት 8
ጠዋት 38.0። ወዲያው ሽሮፕ ሰጠኋት። ሹራቧን አወለቅሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዳርቱ ጋ ደወልኩ። "አሁኑኑ ይዘዋት ይምጡ" አለች። ሃኒ ታክሲ ልትጠራ ወጣች።
ጎረቤታችን ሸዋረጋ ከእንጦጦ ራጉኤል ስትመለስ ልትጠይቀን ገባች።
"ጋሽ ሕሩይ! ያተኮሳት ልጅ ላይ መስኮት ይከፈታል? ሊገድሏት ነው?" ጋቢውን ከወንበሩ አንስታ አለበሰቻት። "ላብ ካልወጣት አይለቃትም።"
ራሴን ሰማሁት። ቃል በቃል ራሴን።
ጋቢውን ነጥቄ ግቢው ጭቃ ላይ ወረወርኩት። "በጋቢ ነው እግሯን ያሳጣኋት! ሽሮፕ እያለ፣ 39 እያየሁ፣ ደርቤ ነው ያለበስኳት!"
ሃኒ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም።
"ምን አልክ?"
ደብተሩን ከፍቼ ሰጠኋት። ጥቅምት 4። ታክሲው ውስጥ ኪያን አቅፋ አነበበችው። ዘግታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር።

የካቲት 9
ሆስፒታል። 37.4። ሃኒ አታናግረኝም። ዳርቱ "በጋቢው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፣ ቲቸር" አለች። እንድታጽናናኝ አልጠየቅኋትም። ተናደድኩባት።
የጥቅምት 4ን ገጽ ልቀድደው ነበር። አልቀደድኩትም።

የካቲት 12
ቤት ገባን። ጋቢው አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ሸዋረጋ አጥባዋለች፤ ግን ሰላምታ የለም። ይገባኛል። ነገ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ስለ ትኩሳቱም አስረዳታለሁ። አልዘልም።
ኪያ ከአልጋዋ ወረደች። ግድግዳውን ያዘች። ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኩ። ስድስት። ከነበረው አንድም አልጎደለም! ዳርቱ ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ብዬ እንዳላስብ አስጠንቅቃኛለች።
ማምሻውን ሃኒ ሽሮፑንና ቴርሞሜትሩን ከቁም ሣጥን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ክብሪቶቹ አጠገብ። ፊቴን አላየችም።
"ነገ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ነኝ" አለች። "ካንተ ጋር ናት።"