ሚስትነቱ ስለተሰረዘበት ጓደኛዬ

ለዞኑ የአካል እንቅስቃሴና የልብ ጤና ጥናት አስተባባሪ ኮሚቴ
ለክቡር ሰብሳቢ ለአቶ ጉግሳ
ቦንጋ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ የእርስዎም የኮሚቴዎም ልብ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሳይደክም ፈጣሪ ያደርሳችሁ ዘንድ እመኛለሁ። እኔ በቦንጋ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከጡረተኛው መምህር ከኢሳያስ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ከጀመርን ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ሁለታችንም ሚስት አላገባንም፤ ልናገባም አላሰብንም። ጎረቤት ነገሩን «ባልንጀርነት» ይለዋል፤ እኛም ጎረቤት አናስቀይምም።

ከውጭ በመጣው መጠይቃችሁ ላይ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጋር ተጣምረው የሚኖሩ ሰዎች ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ፣ ልባቸውም እንዴት እንደሰነበተ የሚጠይቅ ሳጥን እንደነበረ ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። ኮሚቴዎ ባህላችንን ለመጠበቅ ሲል ሳጥኑን ሰርዞ መጠይቁን ስላባዛው፣ የሚከተሉትን ቅሬታዎች ከታላቅ አክብሮት ጋር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ መረጃ ሰብሳቢዋ ወይዘሪት ትሁት ቤታችን ስትመጣ በቅጹ ላይ የቀረው «አባወራ» እና «ሚስት» ብቻ ነበር። ምስኪኗ ሁለት ጊዜ ላቧን ጠርጋ፣ ክፍት ቦታ ያለበት ቅጽ ተመላሽ እንደሚደረግባት ነግራን፣ እኔን አባወራ፣ ኢሳያስን ሚስት አድርጋ ሞላችው። ኮሚቴዎም ማኅተሙን መታበት። ይህን ያህል ደፋር መሥሪያ ቤት አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ/ በሳምንት ስንት ደቂቃ ፈጣን እንቅስቃሴ እንደምናደርግ ስንጠየቅ በሐቅ መልሰናል። ወደ ቤታችን የሚያወጣውን ዳገት በየቀኑ እንወጣለን። የአንድ ለአምስት ጠርናፊያችን እትዬ ብርቄ ስላላገባችው የእህታቸው ልጅ ማውራት ሲጀምሩ ደግሞ ወደ ዋጫ ከተማ የሚሄደውን መኪና ቀድመን እንሮጣለን። ይህ በሪፖርታችሁ አለመካተቱ ለሳይንስ ትልቅ ጉዳት ነው።

፫ኛ/ የሚስቶች ዝርዝር ለጠርናፊዎች ይተላለፋልና፣ የተሰብሳቢ ኮታቸው ያልሞላላቸው እትዬ ብርቄ ኢሳያስን ለነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ጠሩት። ሠላሳ ዓመት ሲያስተምር ከስብሰባ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ነውና ሄደ። ገንፎ በላ፣ ተመዘነ፣ ከባድ ዕቃ እንዳያነሳ ተመክሮ እንክብል ተሰጠው። እዚያው ደም ግፊቱ ቢለካ መቶ ዘጠና በመቶ አሥር ሆኖ ተገኘ። ስለ ልብ የመጣው ጥናታችሁ መለኪያ ስላልያዘ፣ የኢሳያስን ልብ ያገኘችው አዋላጇ ናት። የክትትል ካርድ ከፍታለት መድኃኒት ጀመረ፤ አምስት ወር ሙሉ ግፊቱ ወርዶ እኔም እፎይ ብዬ ነበር።

፬ኛ/ ባለፈው ወር ኮሚቴዎ ስህተቱን አረመ። ሁለታችንንም ከቤተሰብ መዝገቡ አውጥቶ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች በዞኑ ዜሮ ናቸው ሲል ሪፖርት አደረገ። የኢሳያስ ካርድም አብሮ ተሰረዘ። አዲስ ለማውጣት ብንሄድ ከቤተሰብ መዝገቡ ማስረጃ አምጡ ተባልን፤ በመዝገቡ ደግሞ የለንም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ በማኅተም የተረጋገጥኩት አባወራ አንድ ካርድ ማስመለስ አቃተኝ። መድኃኒቱ ካለቀ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ነው። ዜሮው ዳገቱን ሲወጣ አሁን ሦስት ቦታ ይቀመጣል። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህችን ያለ ቀልድ ነው የጻፍኳት።

ስለዚህ ሳጥኑን መልሱ ብዬ አላስቸግራችሁም፤ ባህል ይጠበቅ። የኢሳያስን ሚስትነት ብቻ እስከ ፊታችን ሰኞ እንድትመልሱለት በትሕትና እለምናለሁ። የሚወልድበትን ቀን በተመለከተ ኮሚቴው የሚወስነውን በጸጋ እንቀበላለን።

ዳገት በወጡ ቁጥር ትንፋሽ እንዳያጥርዎ ከልብ የሚመኝልዎ፣
የዜሮው ግማሽ፣
ሀብተሥላሴ ወልደ ማርያም፣ ልብስ ሰፊ
ቦንጋ፣ ግንቦት ፳፻፭ ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ለእትዬ ብርቄ፣ ኮታቸውን እንዲያስተካክሉ

ማስታወሻ፦ ዜሮውን አጽድቀው ከፈረሙት የኮሚቴዎ አባላት አንዱ፣ እሑድ እሑድ ከባልንጀራቸው ጋር ሆነው እኛ ቤት ምሳ ይበላሉ። ስማቸውን አልናገርም። ይህ ደብዳቤ በስብሰባችሁ ሲነበብ ግን ልባቸው ክፉኛ ይመታልና፣ አደራዎን፣ ከመቀመጫቸው በችኮላ አያስነሷቸው።