አልማዝ ያስቀመጠችው የቀኝ ጫማ

ዓርብ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018

ዛሬ በሰው ሠራሽ እግሬ ሀና ማርያም ደርሼ መጣሁ። ክራንቹን ቤት ቆልፌበት ነው የወጣሁት።

ቀኝ እግሬ ከተቆረጠ ወዲህ ጫማ በገዛሁ ቁጥር ቀኙን ልጥል ስል፣ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ አልማዝ ቀምታኝ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። «እግሬ ይበቅላል ብለሽ ነው?» እያልኩ እስቅባት ነበር። ዛሬ አንዱን አውጥቼ ለአዲሱ እግር አጠለቅሁለት፤ ልክክ አለ። የግራው ጫማ ግን ተረከዙ ያለቀ ነው።

ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ጎረቤቴ አሰለፈች አይታኝ፣ «ውይ ጋሼ! አንዱ እግርዎ ሙሽራ፣ አንዱ ኩሊ!» አለች።

«ኩሊው ለሁለት ሲሠራ ኖሯል፤ ሙሽራው ገና ዛሬ ሥራ መግባቱ ነው» አልኳት።

አልማዝ፣ ረትተሽኛል። ሳጥኑ ውስጥ ገና አምስት ቀኝ ጫማ አለ። ሳልጨርሳቸው ወዳንቺ አልመጣም።