ኮኮናት በሁዳዴ

ሰኞ

ደግሞ አስመለሰኝ። ዛሬ ውሃው እንኳ ሆዴ ውስጥ አልቆየም። ከጎረቤት የሹሮ ሽታ ሲመጣማ ሮጬ ወጣሁ። ተማሪዎቼን ሌላ አስተማሪ ያዘልኝ። ባለፈው ዓመት ፅንሱ የወረደብኝም በዚሁ በሦስተኛው ወር ነው። ፈርቻለሁ። ነርሷ "ወተት ጠጪ፣ እንቁላል ብዪ" ትላለች። እኔ ግን ይህን ልጅ ያቆይልኝ ብዬ ሁዳዴን ላልገድፍ ተስያለሁ።

ማታ መናኸሪያ ዕቃ መጣልኝ። ወንድሜ የሞያሌ መስመር ሾፌር ነው። ባለፈው ቴሌ ሄጄ ደውዬ ምንም አልረጋልኝ እንዳለ ነግሬው ነበር፤ ሦስት አረንጓዴ ኮኮናት በማዳበሪያ ላከ። ውስጡ ያለው ውሃ ለሚያስመልሰው ሰው ጥሩ ነው ብሏል።

ሊያስታምሙኝ ከይፋግ የመጡት አማቴ፣ እማማ አዛሉ፣ አገላብጠው አዩት። "ኧረ ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ዱባ ነው?"

ማክሰኞ

ባሌ ከግምገማ ደክሞት ገብቶ መጥረቢያ አነሳ። ቀስ በል ብለው ማን ይሰማኛል! አንዴ ሲለው ኮኮናቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ውሃውን በሙሉ መሬት ጠጣው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለኮኮናት! ቢሮ የገመገሙት አልበቃ ብሎ እዚህም አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ከቅርፊቱ ውስጥ ነጭ፣ ለስላሳ ነገር አለ። በማንኪያ ላነሳ ስል እማማ እጄን ያዙኝ።

"ተይ ልጄ! ይሄማ እርጎ ነው። ስለትሽስ?"

ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

ረቡዕ

ምንም አልበላሁም። የቀሩት ሁለቱ አልጋ ሥር ናቸው፤ ባየኋቸው ቁጥር ይጠማኛል። ባሌ ዛፍ ላይ የበቀለ ነገር እንዴት ፍስክ ይሆናል ብሎ ተከራከረ። እማማ "አንተ ዝም በል፣ ያፈሰስከው ይበቃል" አሉት። ከስንት ቀን በኋላ ሳቅሁ።

ሐሙስ

እማማ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን፣ መምሬ ዓለሙን ይዘው መጡ። መምሬ ኮኮናቱን ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ወዘወዙት።

"ከዛፍ ነው?"

"ከዛፍ ነው አባ" አልኩ።

"እንግዲያ የሱፍ ውሃስ ነጭ አይደለም? እሱንም ከላም ነው የምታልቡት? ትጠጣ።"

እማማ ወዲያው ቢላ አመጡ። ባሌ እግሮቹ መሃል ጥርቅም አድርጎ ያዘው፤ እሳቸው የቅል አፍ እንደሚከፍቱ አናቱን ዙሪያውን ላጡት። ክዳኑ ተነሳ፣ ጠብታ አልፈሰሰም። ጠጣሁ። ቀዝቀዝ፣ ጣፈጥ ይላል። ከዚያ ሁሉም አፍ አፌን እያዩ ጠበቁ፣ መምሬም ጭምር። አልወጣም! ነጩንም በማንኪያ ፍቄ በላሁ።

ዓርብ

ሌሊቱን ደህና ተኛሁ። የመጨረሻውን ዛሬ ከፈትነው። እማማን ግድ ብዬ አቀመስኳቸው። "ውሃ አይደለም እንዴ? ለዚህ ነው ሞያሌ ድረስ!" አሉና ብርጭቆውን እስከ ታች ጨለጡት።

ሌላ የለም። ወሩም ገና አላለቀም፣ ፍርሃቴም አለ። አሁን ይህን ስጽፍ ጎረቤት ሹሮ እየተሠራ ነው። መስኮቱን ልዘጋ ተነሥቼ ነበር፤ አልዘጋሁትም። አማረኝ።